ባዶውን ሲሄድ የሚነጥር ፒክአፕ፦ የመጫን አቅምን ሳይነኩ የጉዞ ምቾትን ማሻሻል

በሰሜን አሜሪካ በግንባታ፣ በማጓጓዝ ወይም በእርሻ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ሰዎች አንዱን መኪና ለሁለት ዓይነት ኑሮ ይጠቀሙበታል። በሥራ ቀናት ከባድ ፒክአፑ ሲሚንቶ፣ ጣውላ ወይም ማሽን ተሸክሞ፣ አንዳንዴም ተጎታች አስከትሎ ይውላል። በእረፍት ቀን ያው መኪና ባዶውን ቤተሰብ ይዞ ይወጣል። በዚህ ጊዜ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ይታያል። አንድ ቶን ተኩል ጭኖ በጸጥታ ይጓዝ የነበረው መኪና፣ ጭነቱ ሲራገፍለት በእያንዳንዱ የመንገድ ስንጥቅ ላይ ይነጥራል፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅም ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

ይህ ጠባይ ለኢትዮጵያ መንገዶችም እንግዳ አይደለም። ጭነቱን አራግፎ በጠጠር መንገድ የሚመለስ አይሱዙ ውስጥ የተሳፈረ ሰው ልዩነቱን በወገቡ ያውቀዋል። ብዙ ባለንብረቶች መኪናው የተበላሸ መስሏቸው ወደ ጋራዥ ይወስዱታል፤ ሌሎች ደግሞ ምቾት ለማግኘት ሲሉ መነካት የሌለበትን ይነካሉ። ሁለቱንም ስሕተት ለማስወገድ በመጀመሪያ የመንጠሩን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል።

ችግሩ ብልሽት ሳይሆን ቃል ማክበር ነው

በአሜሪካ የክብደት አመዳደብ፣ ከባድ ፒክአፕ የሚባሉት ከነጭነታቸው የተፈቀደላቸው ጠቅላላ ክብደት ከ8,501 እስከ 14,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,856 እስከ 6,350 ኪሎ ግራም ገደማ የሆኑት ናቸው። ፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350፣ ራም 2500 እና 3500፣ እንዲሁም ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 2500 ኤችዲ በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። የአብዛኞቹ የኋላ ክፍል በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ ቀስት መሰል ዝርግ ብረቶች ላይ ያርፋል።

የመኪናው የፊት ክፍል ሞተሩን ምንጊዜም ስለሚሸከም፣ በፊት ጎማዎች ላይ ያለው ክብደት በባዶና በጭነት ጊዜ ብዙ አይለያይም። የኋላው ግን የተለየ ነው። ባዶ ሲሆን የሚሸከመው የጭነት ሳጥኑንና የሻንሲውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ሲጫን ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል። ባሌስትራው ደግሞ የተሠራው ለከባዱ ቀን ነው። ስለዚህ መኪናው ባዶውን ሲነጥር ገዢው የከፈለበትን የመሸከም አቅም ይዞ መጠበቁን ያሳያል እንጂ መበላሸቱን አያሳይም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ማንኛውም በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ያረፈ ክብደት ተነክቶ ሲለቀቅ በራሱ ፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያደርገው ምልልስ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሞላው በጠነከረ ቁጥር ድግግሞሹ ይጨምራል፣ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ግን ይቀንሳል። ትክክለኛው ስሌት የሞላው ጥንካሬ ለክብደቱ ተካፍሎ፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት በ6.28 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ባዶ ሲሆን በኋላ ባሌስትራዎቹ ላይ 900 ኪሎ ግራም የሚያርፍበት ፒክአፕ ይታሰብ። ሁለቱ ባሌስትራዎች በአንድነት አንድ ሜትር ለመጨመቅ 200,000 ኒውተን የሚጠይቅ ጥንካሬ አላቸው እንበል። ባዶው መኪና 2.4 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። 1,400 ኪሎ ግራም ሲጫንበት ድግግሞሹ ወደ 1.5 ሄርዝ ይወርዳል። ምቹ የሚባሉ የቤት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ የተጫነው ፒክአፕ ወደ ቤት መኪና ጠባይ ሲጠጋ፣ ባዶው ከዚያ ክልል በሩቅ ይወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ባሌስትራውን አለስልሶ ባዶውን መኪና 1.2 ሄርዝ ላይ ማድረስ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በዚህ ምሳሌ ጥንካሬው ወደ ሩብ መውረድ ይኖርበታል። ያን ጊዜ 1,400 ኪሎ ግራም ሲጫን የመኪናው ኋላ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል። አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የተቀመጠው የላስቲክ መከላከያ ላይ ያርፋል፣ የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ መሪውም ይቀላል። በመጀመሪያው ባሌስትራ ግን መስመጡ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ቋሚ ጥንካሬ ያለው ሞላ ለባዶም ለሙሉም እኩል ምቹ ሊሆን አይችልም፤ የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በባሌስትራ ላይ ሌላ ነገርም ይጨመራል። ዝርግ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ፣ ሰበቃው ትንሽ ግፊት ሲመጣ እንዳይንቀሳቀሱ ይይዛቸዋል። በዚህ ምክንያት መኪናው ትንንሽ ጉድለቶችን ሲረግጥ ባሌስትራው ጨርሶ እንደሌለ ይሆናል፤ የሚሠራው ብቸኛ ሞላ ጎማው ነው። ይህም ከየት መጀመር እንደሚገባ ይጠቁማል።

ሰውነት የሚቆጥረው ንዝረት

የጉዞ ምቾት የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው አካል፣ በተለይም ጀርባና ሆድ ዕቃ፣ ተቀምጦ ሳለ ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው የላይና የታች ንዝረት ይበልጥ ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ ሠራተኞች በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሊጋለጡበት የሚችሉትን የመላ አካል ንዝረት ወስኗል። በመመሪያው መሠረት ንዝረቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ መውሰድ አለበት፤ 1.15 ደግሞ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ነው። ለረጅም ዓመታት ለንዝረት መጋለጥ ከታችኛው ጀርባ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑም በሙያ ጤና ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከሲሚንቶ ንጣፍ የተሠራ አውራ ጎዳና ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የንጣፎቹ መገጣጠሚያዎች ብዙውን ጊዜ በ4.5 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ 6 ከግማሽ ጊዜ ያህል መገጣጠሚያ ይረግጣል፤ ይህም ሰውነት ይበልጥ በሚጎዳበት ክልል መካከል ነው። አሽከርካሪው ፍጥነቱን ጥቂት ሲለውጥ ንዝረቱ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደኅንነት ነው። አክስሉ ሲነጥር ጎማው ለቅጽበት ከመንገዱ ይላቀቃል፤ ከመንገዱ የተላቀቀ ጎማ ደግሞ አይዝም፣ አያቆምም። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ወይም በዝናብ በራሰ ኩርባ ላይ የባዶ ፒክአፕ ኋላ የሚንሸራተተው በዚህ የተነሣ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሚዛንና የጎማ ንፋስ

በጣም ርካሹና ውጤቱ ፈጥኖ የሚታየው ማስተካከያ የጎማ ንፋስ ነው። የከባድ ፒክአፕ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ እስከ 80 ፒኤስአይ የሚነፉ የጭነት ጎማዎች ናቸው። ከነዚህ መካከል የጭነት መለያ ቁጥሩ 125 የሆነ አንድ ጎማ በሙሉ ንፋሱ 1,650 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ባዶ ሲሆን የኋላ አክስሉ ጠቅላላ ክብደት 1,250 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ግን በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያሳርፈው 625 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከአቅሙ 38 በመቶ ያህል ነው። ለሙሉ ጭነት የተነፋ ጎማ በዚህ ክብደት ሥር እንደ ድንጋይ ይሆናል።

ሆኖም ንፋስ በግምት አይቀነስም። ትክክለኛው መንገድ ባዶውን መኪና ከነሹፌሩና ከነነዳጁ ወደ ጭነት መኪና ሚዛን ወስዶ የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ ማስመዘን ነው። ከዚያም የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለሁለት አካፍሎ፣ የጎማው አምራች ባዘጋጀው የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ ላይ ያን ክብደት የሚሸከመውን ግፊት መፈለግ፣ በላዩም መጠባበቂያ መጨመር ይገባል። ከሠንጠረዡ ዝቅተኛ ግፊት በታች መውረድ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ደግሞ የመኪናው አምራች ምክር ስለሆነ፣ አንዳንድ አምራቾች ለባዶ ጉዞ የተለየ ግፊት መስጠታቸውን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ግፊቱ የሚለካው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ አይዘነጋም፦ ጭነት ከመጫኑ በፊት ንፋሱ ወደ ሙሉ መጠኑ መመለስ አለበት። ይህን ማድረግ የማይችል ወይም የሚረሳ አሽከርካሪ ንፋሱን ባይቀንስ ይሻለዋል።

ከ2000 የተወረሰ ትምህርት

ይህ ማስጠንቀቂያ የተጋነነ የሚመስለው ሰው የአሜሪካን የቅርብ ታሪክ ቢመለከት ይበቃዋል። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን እንዲመለሱ ጠራ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ የውጭ ቆዳቸው በጉዞ ላይ እየተላቀቀ መኪናዎች ተገልብጠው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የመንግሥት መርማሪዎች በጎማዎቹ አሠራር ላይ ጉድለት አገኙ። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን ለመኪናው ተመክሮ የነበረው 26 ፒኤስአይ ዝቅተኛ ነው፣ አይደለም የሚል ብርቱ ክርክር በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ተነሥቶ ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የጎማ ንፋስ መቀነሱን የሚያሳውቅ መሣሪያ በመኪናዎች ላይ እንዲገጠም አዘዘ። መሣሪያው ግፊቱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ መብራት ያበራል። ነገር ግን ትእዛዙ የሚመለከተው እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ያሉትን መኪናዎች ነው። ከዚያ በላይ የሆኑ ከባድ ፒክአፖች በሕግ አይገደዱም፤ ስለዚህ በነዚያ መኪናዎች ላይ የአሽከርካሪው መለኪያ ብቸኛው ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

የአደጋው አሠራር ግልጽ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉም ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱም በውስጡ ያሉትን የብረት ሽቦ ንብርብሮች ከላስቲኩ ያላቅቃል። ጭነት፣ ፍጥነትና የበጋ ፀሐይ ሲጨመሩ ጥፋቱ ይፈጥናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረሃማ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚነዳ ሰው ይህን በተለይ ሊያስብበት ይገባል።

አሞርዛቶር፦ ንዝረትን የሚያረግበው ክፍል

ሞላው ወይም ባሌስትራው ክብደትን ይሸከማል፤ መዋለሉን የሚያቆመው ግን በጋራዥ ቋንቋ አሞርዛቶር ወይም ሾክ አብዞርበር የሚባለው ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል።

አሞርዛቶርም እንደ ባሌስትራው ለጭነት የተመጠነ ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ምሳሌ፣ መኪናው ሲጫን አሞርዛቶሩ ንዝረቱን ለማርገብ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይዞ ቢሆን፣ ባዶ ሲሆን ያው አሞርዛቶር ከክብደቱ አንጻር 1.6 እጥፍ ያህል የጠነከረ ይሆናል። የሚመጣው ምት በዘይቱ ውስጥ መቀለጡ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል።

ስለዚህ አሞርዛቶር ሲለወጥ የሚመረጠው ይበልጥ ጠንካራ የተባለው ሳይሆን፣ ፒስተኑ በዝግታ ሲንቀሳቀስ አጥብቆ የሚይዝ፣ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ግን ቫልቩን ከፍቶ የሚያሳልፍ ዓይነት ነው። የመኪናውን ክብደት ሳይጠቅሱ «ከባድ ሥራ የሚችል» የሚል አሞርዛቶር መግዛት ባዶውን ጉዞ ሊያባብሰው ይችላል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ወይም ያረጀ አሞርዛቶር ካለ ደግሞ ከሌላው ማስተካከያ ሁሉ በፊት መለወጥ ይኖርበታል።

ባሌስትራ፦ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቦታ

አንዳንድ ሰዎች ከባሌስትራው አንዱን ዝርግ ብረት አስወጥተው ምቾት ይፈልጋሉ። መንገዱ በእርግጥ ይለሰልሳል። ይሁን እንጂ በበሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ከዚያ በኋላ እውነት አይሆንም፤ የቀሩት ብረቶችም ከታሰቡበት በላይ ይጨነቃሉ። መኪናው ሲሸጥ ለሚገዛው ሰው ደግሞ የተደበቀ አደጋ ይሆናል። እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች እንዲህ ያለ ለውጥ የባለሙያ ምርመራና ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

የተሻሉ አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ሰበቃን መቀነስ ነው፤ በዝርግ ብረቶቹ ጫፍ መካከል ያሉት የፕላስቲክ ማንሸራተቻዎች አልቀው ከሆነ ሲለወጡ፣ የዛገው መጋጠሚያም ሲታደስ ባሌስትራው ለትንንሽ ምቶች እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሁለተኛው በደረጃ የሚጠነክር ባሌስትራ ነው፤ ባዶ ሲሆን ጥቂት ስስ ብረቶች ብቻ ይሠራሉ፣ ጭነት ሲመጣ ወፍራሞቹ ይጨመራሉ። ይህ አምራቹ ለዚያው መኪናና ለዚያው ክብደት ያዘጋጀው መሆን አለበት።

ሦስተኛው የአየር ሰስፔንሽን ነው። በውስጡ ያለው አየር ጭነት ሲጨመር ግፊቱ ከፍ እንዲል ስለሚደረግ ጥንካሬው ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ድግግሞሹም ባዶም ሆነ ሙሉ እምብዛም አይለወጥም። የጉዳዩን ቋጠሮ በእውነት የሚፈታው ይህ ነው። ራም 2500 ከ2014 ሞዴል ጀምሮ በኋላ በኩል ባሌስትራን ትቶ ጥቅል ሞላ ያደረገ ሲሆን፣ የአየር ሰስፔንሽንም በአማራጭ አቅርቧል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መሳሳት መታረም አለበት። በነባሩ ባሌስትራ ላይ የሚጨመሩ የአየር ከረጢቶች ለጭነት ጊዜ ይረዳሉ እንጂ ባዶውን መኪና አያለሰልሱም። በነበረው ጥንካሬ ላይ ሌላ ጥንካሬ ይጨምራሉና፣ ጭነት በሌለ ጊዜ አምራቹ እስከሚፈቅደው ዝቅተኛ ግፊት ማውረድ ይመረጣል።

የአሸዋ ከረጢት ምን ያህል ይጠቅማል?

በጭነት ሳጥኑ ላይ አሸዋ መጫን የቆየ ልማድ ነው። በዚሁ ምሳሌ 200 ኪሎ ግራም አሸዋ ድግግሞሹን ከ2.4 ወደ 2.15 ሄርዝ ገደማ ብቻ ያወርደዋል። ጥቅሙ ይሰማል፣ ነገር ግን ተአምር አይሠራም። በበረዶ መንገድ ላይ ለኋላ ጎማዎች መያዣ መስጠቱ ከምቾቱ ይበልጣል። አሸዋው ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ፊት ለፊት ተደርጎ በሚገባ መታሰር አለበት፤ ያልታሰረ ከረጢት በግጭት ጊዜ ወደ ጋቢናው ይወረወራል። ክብደቱም ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ እንደሚቀነስና ነዳጅ እንደሚያስወጣ አይረሳም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ያረጁ ክፍሎችን መመርመር፦ አሞርዛቶር፣ የባሌስትራ መጋጠሚያና ላስቲኮቹ፣ የጎማ ሚዛን።
2. ባዶውን መኪና በአክስል ማስመዘንና ቁጥሩን መዝግቦ መያዝ።
3. በሠንጠረዡ መሠረት የባዶ ጉዞ ንፋስ መወሰን፤ የባዶውንና የጭነቱን ግፊት ጽፎ በጋቢናው ውስጥ መለጠፍ።
4. ለጥቂት ሳምንታት ነድቶ ማየት። ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይበቃቸዋል።
5. ካልበቃ ለመኪናው ትክክለኛ ክብደት የተመጠነ አሞርዛቶር መግጠም።
6. በመጨረሻ ብቻ፣ የተጻፈውን የመጫን አቅም የማይቀንስ የባሌስትራ ወይም የአየር ሰስፔንሽን ለውጥ ማሰብ።

ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ በቀላሉ ከሚመለሰው ወደማይመለሰው ይሄዳል። እያንዳንዱ እርምጃም በአንድ ጥያቄ ይፈተናል፦ ነገ ጠዋት ሙሉ ጭነት ቢጫንበት መኪናው እንደ ድሮው ይሸከመዋል ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ የተገኘው ምቾት እውነተኛ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ግን ምቾቱ የተገኘው ከመኪናው አቅም ተሰርቆ ነው፤ ዋጋውም አንድ ቀን በመንገድ ላይ መጠየቁ አይቀርም።